ድንበሩና የኅዳር ሚካኤል ሙክት

ድሮ ነው፤ ያዩት ሁሉ አልቀው የሰሙት ብቻ በቀሩበት ድሮ። አገሩም ስም ነበረው፤ ተረቱ ሲመጣ በመንገድ ጥሎት ነው። በዚያ አገር ድንበሩ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ሰነፍ ነው ይሉታል፤ ሐሜት ነው። ለሥራ ካልሆነ በቀር ሰነፍ አልነበረም፤ ለመብላትማ ከእሱ የሚተጋ አልነበረም።

በመንደሩ አሥራ ሁለት ሰዎች የሚካኤልን ማኅበር ይጠጡ ነበር። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተረኛው ይደግሳል፣ ጽዋው ይከፈታል፣ ከዚያ ይበላል። ታዲያ አንድ የቆየ ደንብ ነበራቸው። ማንም ቂም ይዞ ከመጣ፣ ቂሙ እስኪወርድ ጽዋው አይከፈትም፣ ምግቡም አይቀመስም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ካልታረቀ ደግሞ ድግሱ እንዳለ ወጥቶ ደጃፍ ላይ ለተገኘ ድኻ ይሰጣል። ደንቡን ያወጡት አባቶች ብልሆች ነበሩ፤ የራበው ሰው ቶሎ እንደሚታረቅ ያውቃሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድም ድግስ ደጅ ወጥቶ አያውቅም።

ድንበሩ ይህን የሰማው ከማኅበሩ አለቃ፣ ከሙሴው ከአባ ጎበዜ አፍ ነው። አባ ጎበዜ የነገሩት ሊያስተምሩት ነበር። እሱም ተማረ።

«የኅዳር ሚካኤል ሦስት ቀን ቀረው» አለ ለራሱ። «ተረኛው ንብ አርቢው አያ ካሳ ነው። ጓሮው ያሰረውን ሙክት አይቼዋለሁ፤ ላቱ መሬት ይጠርጋል። ሚካኤል በዋለ በሦስተኛው ቀን ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ገና ሥጋ በሕልም ብቻ ነው። ሁለት ሰው አጣላለሁ፣ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሙክቱ ራሱ ይመጣልኛል።»

ከዳገቱ ወዲያ ማዶ ሌላው ማኅበርተኛ፣ ሸማኔው አያ ውብነህ ይኖራል። ሆደ ባሻ ነው፣ ቶሎ ይከፋዋል ይባላል። ድንበሩ ዳገቱን ወጣ፣ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ሸማኔው ከሚሠራበት ጉድጓድ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«አያ ውብነህ፣ እኔ ነገር ማመላለስ አልወድም። ሰምቶ ዝም ማለትም ኃጢአት ነው ብዬ ነው።»

«ምን ሰማህ?»

«አያ ካሳ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ‹የውብነህ ጋቢ ለዓሣ ማጥመጃ ነው የሚሆን፤ ነፋሱ በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል› አለ።»

የሸማኔው መወርወሪያ ቆመ። ውብነህ ጻድቅ አልነበረም፤ ፊቱ ጠቆረ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ድንበሩን የጥብስ ሽታ ሸተተው። ሸማኔው ግን በሬው የሞተበት ዓመት ትዝ አለው። ያን ጊዜ ካሳ ማንም ሳይጠራው ጥማዱን እየነዳ መጥቶ፣ ዶፍ እየወረደበት ማሳውን አርሶለት ሄዷል።

«የሸመንኩለት ጋቢ ስድስት ዓመቱ ነው» አለ በመጨረሻ። «አልቆ ይሆናል። ሰውየው በርዶታል፤ ለእኔ መናገር አፍሮ ነው።» ተነሣና ለገበያ ያዘጋጀውን አዲስ ጋቢ አወጣ። «ወደዚያ መመለስህ ካልቀረ ይህን አድርስልኝ። ከወንድምህ በለው።»

ድንበሩ ጋቢውን ሊያስቀረው አሰበ። ግን የውብነህን እጅ ሥራ አገር ያውቀዋል፤ ጋቢም አይበላ ነገር። ዳገቱን ወጣ፣ ቁልቁለቱን ወረደ።

«አያ ካሳ፣ እኔ ነገር ማመላለስ አልወድም። ሰምቶ ዝም ማለትም ኃጢአት ነው ብዬ ነው።»

«ምን ተባለ ደግሞ?»

«ይህን ጋቢ አያ ውብነህ ነው የላከልህ። ሲሰጠኝ ግን ‹አፉ በዝቷልና ተከናንቦ ይሸፍንበት› አለ።»

«ምን ማለቱ ነው?» አለች የካሳ ሚስት ከጓዳ።

ካሳ ጆሮው ጋለ። ጋቢውን ዘረጋው፤ በጣቶቹ ዳሰሰው፤ እንደገና ዳሰሰው። «እውነቱን ነው» አላት። «ባለፈው ወር ስለ ንቦቼ ስተርክ የሰው ሁሉ ወጥ ቀዘቀዘ። ጋቢ እያለበሰ የሚገሥጽ ወንድም ከየት ይገኛል?» ከዚያም አንድ ገንቦ ነጭ ማር አቀረበ። «ይህን አድርስልኝ። ከወንድምህ በለው።»

ማር እንደ ጋቢ አይደለም። ድንበሩ ዳገቱ አናት ላይ አረፍ ብሎ ግማሹን በላና በቀረው ግማሽ ነገር ሠራበት።

«አያ ውብነህ፣ እኔ ነገር ማመላለስ አልወድም። ሰምቶ ዝም ማለትም ኃጢአት ነው ብዬ ነው። አያ ካሳ ይህን ማር ሲልክልህ፣ ‹ለእሱ ግማሽ ገንቦ ምን አነሰው› አለ።»

ሸማኔው ገንቦውን አየ። ቀጥሎ ድንበሩን አየ፤ ጢሙ ላይ ሰም ተጣብቋል።

«ግማሽ ከላከ ያለው ግማሽ ነው» አለ። «ደጋሽ ነው፣ እጅ አጥሮት ይሆናል።» አንድ ስልቻ ሙሉ ገብስ አወጣ። ድንበሩ ትከሻ ላይ ሲያስቀምጠውም ትንሽ ጫን አድርጎ ነው።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ቀን አለፈ። ድንበሩ ስድብ በአፉ፣ ስጦታ በጀርባው እየያዘ ዳገቱን ወጣ፣ ቁልቁለቱን ወረደ። ወዲያ ገብስ፣ ወዲህ ሰም፤ ወዲያ እንጨት፣ ወዲህ የወፍጮ ድንጋይ። በዕድሜው ሙሉ ያልሠራውን ሥራ በሁለት ቀን ጨረሰ። ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጠም። «ልባቸው ውስጥ ገብቷል» ይላል ወገቡን እየያዘ። «ፊት ለፊት ሲገናኙ ይፈነዳል።»

የሚካኤል ዕለት ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ ወጥተው ካሳ ቤት ገቡ። ሙክቱ ወጥ ሆኗል፤ ሽታው እስከ አጥሩ ይደርሳል። ድንበሩ ደጃፉ ላይ፣ ልክ ድኻ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ።

«የተቀያየመ አለ?» አሉ አባ ጎበዜ እንደ ወጉ፣ መልስ ሳይጠብቁ።

«አለ» አለ ውብነህ።

ድንበሩ ወገቡን አቃና።

«ከካሳ ጋር አይደለም። ከካሳ ጋርማ ሳንጣላ ስንታረቅ ነው የሰነበትነው። እስቲ ንገረኝ ካሳ፣ ጋቢህ የዓሣ ማጥመጃ ነው ብለኸኛል?»

«እኔ? አንተስ አፉን ይሸፍንበት ብለሃል?»

«አላልኩም። ግማሽ ገንቦ ማር ነው የላክህልኝ?»

«ሙሉ ነበር እንጂ፣ እስከ አፉ።»

ሁሉም ወደ ደጃፉ ዞረ።

«እንግዲህ ቂሜ ከድንበሩ ጋር ነው» አለ ውብነህ። «ጽዋ ፊት ቆሜ አልዋሽም፤ ልቤ ነድዷል።» ካሳም «የእኔም» አለ።

«ድንበሩ ማኅበርተኛ አይደለም» አለ ሆዱ የጮኸበት አንድ ሰው። «እሱን ተዉትና ጽዋው ይከፈት።»

«ማኅበርተኛውን ብቻ መውደድማ ጅብም ያውቅበታል፤ የራሱን መንጋ አይበላም» አሉ አባ ጎበዜ። «ጽዋው የክርስቲያን ነው፤ ቂም ካለ አይከፈትም።» ወደ ደጃፉ ወጥተውም ድንበሩን አሉት፦ «ልጄ፣ ሰው በድለሃል። ና፣ ታረቅ።»

ድንበሩ ወደ ፀሐይዋ አየ። ከጋራው በላይ የቀራት አንድ ክንድ ነው። ነገሩን ሲያስበው ሳቁን ሊለቀው ደረሰ። ሁለቱን ማጣላት አቅቶት ነበር፤ እሱን ተጣሉት፤ ይኸውም ያው ነው! እሺ ካለ ከአሥራ ሁለት ሰው ጋር ይካፈላል። ዝም ካለ ሙክቱ ከነላቱ የእሱ ነው። ዝም አለ።

ውብነህ ወጥቶ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምን በደልንህ፣ ድንበሩ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ጾሙ ሊገባ ነው። ሙክቱ አማረኝ።»

«ካሳን ብትጠይቀው ይነፍግህ ነበር?»

«አንድ ጎድን ይሰጠኝ ነበር። እኔ ያማረኝ ሙክቱ ነው።»

ሸማኔው ሳቅ አመለጠው፤ ሆኖም አልተነሣም። «እንግዲያው ጠብቅ፣ ልትጠልቅ ነው። ቂሜ ግን አልወረደም። ቂም ይዤ ቤቴ አልገባም፤ እስኪወርድ እዚሁ ነኝ።»

ካሳ መጣና በሌላው ጎኑ ተቀመጠ። አባ ጎበዜ በምርኩዛቸው ተደግፈው መጡ። ሆዱ የጮኸበትም ሰውዬ እያጉረመረመ መጣ። አንድ በአንድ አሥራ ሁለቱም ወጥተው ዙሪያውን ተቀመጡ። አንድም የሰደበው የለም። አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ ሆዱን ያሻል፣ አንዱ ስለ ዘንድሮ ጤፍ ያወራል።

ድንበሩ ሁሉንም አስቦ ነበር፤ ይህን ግን አላሰበም። ብቻውን የሚበላ ሰው መጀመሪያ ብቻውን መሆን አለበት። እነዚህ ደግሞ አልሄዱለትም። ሙክቱን በዓይነ ልቡናው አቀረበው፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለ፤ ወደ አፉ ሲያደርስ ሃያ አራት ዓይን አብሮ ወጣ። እንደገና ሞከረ። እንደገና ወጣ። ፀሐይዋ የጋራውን ጫፍ ስትነካ፣ እነዚህ ሰዎች እሱን ትተው መብላት ይችሉ እንደነበር፣ ግን እንዳልበሉ ገባው። ከእናቱ በቀር እሱን ትቶ መብላት የከበደው ሰው አይቶ አያውቅም።

ከአጥሩ ሥር ድፍን ድንጋይ አነሣ። እንደ አገሩ ወግ ማጅራቱ ላይ ጭኖ ሊንበረከክ ጎንበስ ሲል ወገቡ ቀጭ አለ።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «ማሩንም እኔ ነኝ የበላሁት።»

«ጢምህ ነግሮኛል» አለ ውብነህ። ድንጋዩንም ከማጅራቱ አወረደለት። «ይህን ተወው። የዚህ ሳምንት ሸክም ይበቃሃል።»

ካሳ ክንዱን ይዞ አነሣው። «ይማርህ፣ እኛንም ይማረን» አሉ ሁሉም፤ ፈጠን ብለው ነው ያሉት፤ ፀሐይዋ እየገባች ነበር። ጽዋው ተከፈተ። ድንበሩም መሀል ተቀምጦ፣ ሙሉ ሙክት ሲጠብቅ የዋለ ሰው፣ አንድ ጎድን ደረሰው። የዚያን የመሰለ ሥጋ በልቶ አያውቅም። ርቦት ነው የሚሉም አሉ።

ያን ዕለት የማኅበሩ አሥራ ሦስተኛ ሆነ፤ ተራውም ታኅሣሥ ላይ ወደቀ፤ ጾም ነውና ንፍሮ ደገሰ። ስንዴውን ራሱ ለቅሞ፣ ውኃውን ራሱ ቀድቶ ነው። አባ ጎበዜ «የተቀያየመ አለ?» ቢሉ፣ «የለም» ብሎ ከሁሉ ቀድሞ የመለሰ እሱ ነው።

የእኔ ድርሻ እዚህ ላይ አለቀ፤ የቀረውን እያነሣችሁ ተጫወቱበት። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር እንዲህ ይባላል፦

በፍቅር ከሆነ አንድ ጉርሻ ይበቃል፤
በጥል ከሆነማ ሙክቱም ያንቃል።