ቅቤ ቅቤ የሸተተው ፌስታል

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ጆሮው የራቀበት ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ የሐሙስ ገበያ በሚቆምበት አገር አንዲት የኮባ ቅጠል ነበረች። ሰፊ ናት፣ አረንጓዴ ናት፣ ሥራዋ ቅቤ መጠቅለል ነው። ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ትርፌ አንድ ሐሙስ ማለዳ ከጓሮዋ ቆረጠቻት። እናቷም አያቷም በዚሁ መንገድ አልፈዋል፦ ቅቤ ይዘው ይወርዳሉ፣ ቅቤው ሲሸጥ ይጣላሉ። የገበያው ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የተጣለ መጠቅለያ የእመት ፍየል ነው። እመት ፍየል ቅቤ የነካውን ቅጠል ቀርጠፍ ቀርጠፍ አድርጋ ትበላለች፣ ጢሟን ጠርጋ ትሄዳለች።

የዚያን ሐሙስ ታዲያ ነፋስ አንዱን ጎረምሳ ተሸክሞ እዚያው ጓሮ መጣ። ስሙ ፌስታል ነው። ሰማያዊ ነው፣ ሽው ይላል፣ ደግሞ ሆዱ ባዶ ሲሆን ይብስ ያብጣል።

«አንቺ ቅጠል፣» አላት፣ «ዛሬ ቢቆርጡሽ ነገ ትጠወልጊያለሽ። እስቲ እኔን እዪኝ። አልበሰብስ፣ አልደርቅ፣ አልሞት! የገበያው ንጉሥ ማን ሊሆን ነው?»

«ገና አሁን መምጣትህ ነው፣» አለች ቅጠሊት፣ «መጀመሪያ አንድ ነገር ያዝና እንይህ።»

ጭነት ተሸካሚው አያ አህዮ ሳቀ። «ሸክሙ የኔ ነው፣ ዳኝነቱም የኔ ነው። ሦስት ጊዜ ትፈተናላችሁ።»

እትዬ ትርፌ ፌስታሉን አገላብጣ አየችው። «ቀለሙ ሲያምር» አለች። የቅቤዋን ግማሽ በእሱ፣ ግማሽ በቅጠሊት አድርጋ ጫነች።

መንገድ ላይ ፀሐይ ወጣች። ቅጠሊት ቅቤዋን እንደ ጥላ ሸፍና ያዘችው፤ ንቅንቅ አላለም። ፌስታል ውስጥ ግን ቅቤው አላበው፣ ቀለጠ፣ ሾርባ ሆነ።

«አንድ ለቅጠሊት» አለ አያ አህዮ።

ቁልቁለቱ ላይ ዝናብ ወረደ። ቅጠሊት ጎኗ ተተረተረ፣ ውሃ ገባባት። ፌስታል ጠብታ አላስገባም።

«አንድ ለአንድ» አለ አያ አህዮ።

«አላልኩሽም?» አለ ፌስታል። «አልበሰብስ፣ አልደርቅ፣ አልሞት!»

ቅጠሊት የተተረተረ ጎኗን ሰብሰብ አደረገች። ዝናቡ ላይ እውነቱን ነው።

«ሦስተኛው ፈተና ቀላል ነው፣» አለ አያ አህዮ። «ሥራችሁ ሲያልቅ ምን እንደምትሆኑ አያለሁ።»

ገበያ ደረሱ፣ ቅቤው ተሸጠ፣ ሁለቱም መሬት ተጣሉ። እመት ፍየል መጣች። ሆዷ ውስጥ ሁለት ግልገሎች አሉ፣ ርሃቧ የሦስት ነው። አሸተተች፤ ቅቤ ቅቤ ይላል። ዕድሜዋን ሙሉ ቅቤ ቅቤ የሚል መጠቅለያ ጠላት ሆኗት አያውቅም። ቀረብ ያላትን ጎረስ አደረገች። ፌስታልን!

«ኧረ ተይ፣ ትኮረኩሪኛለሽ» ብሎ ሳቀ ፌስታል።

እመት ፍየል ዋጠች። አልወርድ አላት። ልትተፋው ሞከረች። አልወጣ አላት። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ጉልበቷ ታጠፈ።

«ልቀቃት እንጂ!» አለች ቅጠሊት።

«መልቀቅ አላውቅም!» አለ ፌስታል ከጉሮሮዋ ውስጥ፤ አሁን ሳቁ ጠፍቷል። «የማውቀው መያዝ ብቻ ነው!»

ማንጠልጠያው በከንፈሯ በኩል ብቅ ብሏል። አያ አህዮ ነከሰውና ጎተተ። እምቢ። ደግሞ ጎተተ። እምቢ።

«አያ አህዮ፣» አለች ቅጠሊት፣ «እኔን አንሣና አፏ ውስጥ ክተተኝ። ቅቤ ተቀብቻለሁ፣ አሟልጫለሁ።»

«ከገባሽ እኮ አትወጪም።»

«ድሮስ ልወጣ ነበር እንዴ?»

አያ አህዮ አንሥቶ ከተታት። ቅጠሊት በእመት ፍየል ጉሮሮ ጥግ ጥግ ተንሸራተተች፣ ቅቤዋን ቀባች። አያ አህዮ ለሦስተኛ ጊዜ ነክሶ ጎተተ። ዥልጥ! ፌስታል ወጣ። እመት ፍየል ሳለች፣ ተነፈሰች፣ ተነሣች። ከዚያ ቅጠሊትን ወደ አፏ መልሳ ቀስ ብላ አኘከቻት።

«ሁለት ለአንድ» አለ አያ አህዮ፣ ድምፁ ቀጠን ብሎ።

«እኔ ግን አልሞትኩም» አለ ፌስታል። ነፋስ መጥቶ ወሰደውና የእትዬ ትርፌ አጥር እሾህ ላይ ሰቀለው።

እመት ፍየል በዚያው ጓሮ አለፈች፣ ኮባው ሥር በጠጧን ጥላ ሄደች። ዝናብ ዘነበ። ከግንዱ መሀል አንዲት አዲስ ቅጠል ጥቅልሏን ፈታ ብቅ አለች። ብቅ ስትል ሁለት ግልገሎች ሲዘሉ አየች፤ አጥሩ ላይም ቀለሙ የለቀቀ አንድ ብጥስጣሽ «አልሞት፣ አልሞት» ሲል ሰማች። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ሐሙስ ሲደርስ እትዬ ትርፌ ቢላዋ ይዛ መጣች።

«ቅቤው የታለ?» አለች አዲሲቷ ቅጠል። «ቶሎ ቁረጪኝ፣ ገበያው እንዳያመልጠን።»

ለዚህ ነው መያዝ ማንም ይይዛል፤ ደግ ዕቃ ግን ይዞ ያደርሳል፣ አድርሶ ይለቃል የሚባለው።

ተረቴ አለቀ፤ ጠቅልላችሁ ውሰዱት፣ ብቻ በቅጠል ይሁን።