ደምን ያገደው ኬላ ጠባቂ

እንስሳ በሚናገርበት፣ ሆድ ዕቃ በሚማከርበት ዘመን የሆነ ነው። ዝም ብላችሁ አትመኑኝ፤ እኔም የነገረኝን ሰውዬ አላመንኩትም። ግን ስሙኝ።

አሊጋዝ የሚባል የጨው ነጋዴ አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረችው። ከእሷ ሌላ ሀብት የለውም። በበቅሎዋ ደረት ውስጥ ልብ ኬላ ጠባቂ ነበር። ኬላው አራት ክፍል አለው፤ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። ደም የተባለው ተሸካሚ በቀኝ ገብቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ከሳንባ ተመልሶ በግራ ይገባል፤ ከዚያ ልብ ገፍቶ ወደ አገሩ ሁሉ ይሰደዋል።

ልብ ማንንም አያምንም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ማለት ይወዳል። ጎረቤቱ ጉበት ይህን ታውቃለችና አንድ ቀን ጠጋ አለችው።

"አባ ኬላ፣ ያንን ደም ደህና አድርገው አይተውታል? ሲወጣ ቀይ ነው፣ ሲመለስ ጠቁሮ ነው። የት ሲያራግፍ ይውላል? እኔ እንኳ ነገር አልወድም" አለችው።

ነገር የማይወድ ሰው እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ እወቁት።

ልብ ደምን በቀኝ በር ያዘው። "ቁም። ቀይ ሆነህ ወጥተህ ምን አጠቆረህ?"

"ንጹሑን አየር ለእግር ሰጥቼ፣ የተቃጠለውን ተሸክሜ መምጣቴ ነው፣ አባ ኬላ።"

"ምስክር አለህ?"

"እግር እየሄደች አይደል?"

አሳለፈው፤ ግን አልተዋጠለትም። ደም ከሳንባ ሲመለስ በግራ በር ያዘው።

"አሁን ደግሞ ማን አቀላህ?"

"ሳንባ ነዋ። የተቃጠለውን ተቀብሎ በአፍንጫ አስወጣው፤ ንጹሑን ጫነልኝ።"

ሳንባን ቢጠይቀው፣ "እውነቱን ነው" አለ። ልብ ግን "ሁለቱ ተመካክረዋል" ብሎ አሰበ።

በሦስተኛው ቀን በቅሎዋ ጨው ተጭና በገደል አፋፍ ዳገት መውጣት ጀመረች። ደም ከወትሮው ጠቁሮ፣ ከወትሮው ፈጥኖ መጣ።

"የሚሮጥ ሌባ ነው" አለ ልብ።

"ዳገት ነው፣ አባ ኬላ። እግር ብዙ አየር ፈለገች።"

ከሳንባ ቀልቶ እንደተመለሰ ልብ የመውጫውን በር ዘጋበት። "ነገሩ እስኪጣራ ከዚህ አትወጣም" አለው። ንጹሕ አየር የጫነው ደም እቤቱ ስላለ፣ ለራሱ የሚጎድለው ነገር አልመሰለውም።

የኬላው ደንብ ግን እንዲህ ነበር። ጠባቂ ከሚያልፈው ጭነት በእጁ አይነካም። ደም ከበሩ እንደወጣ መጀመሪያ በቀጭን መንገድ ይዞርና የጠባቂውን ድርሻ በውጭ በኩል ያቀብላል። ልብ ዕድሜውን ሙሉ ሲበላ፣ ማን እንደሚያበላው ጠይቆ አያውቅም። ሁሉን ሲጠረጥር ይህችን ብቻ አልጠረጠረም።

እግር አየር አጣች፤ በቅሎዋም ተንገዳገደች። አሊጋዝ ጨውን ከጀርባዋ እያወረደ አንገቷን አቀፈ። "ዳማዬ፣ እባክሽ እዚህ ገደል አፋፍ ላይ አትውደቂብኝ። ልጆቼን በምን ላሳድር ነው?" አለ፣ እንባው እየመጣ።

ልብም ዛለ። "ድርሻዬ የት ገባ?" አለ።

"ያንቱም ድርሻ ከበሩ ማዶ ነው። እኔን አግተው ማን ያምጣልዎ?" አለው ደም።

ልብ አላመነም። ጉበትን ሊጠይቃት ዞረ። እሷም ትንፋሽ አጥሯት፣ "ኧረ ይክፈቱለት፤ እኔ ምን አውቄ" አለች።

ያን ጊዜ ልብ ፈራ። በቀረችው አቅም በሩን ገፋ። ደም ወጣ፤ ወጥቶም ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ መጀመሪያ በቀጭኑ መንገድ ዞረና የልብን ድርሻ ሰጠው። ከዚያ ወደ እግር ሮጠ። በቅሎዋ አስነጠሰችና ቀጥ ብላ ቆመች። አሊጋዝም ግማሹን ጨው ራሱ ተሸከመ።

ልብ መጠርጠሩን አልተወም። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፤ ዱብ፣ ዱብ ሲል በር ሲዘጋ ትሰማላችሁ። ግን ወዲያው ይከፍታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ጠርጥሮ በር የዘጋ ግን የራሱን ጉሮሮ ዘጋ።

እኔ ጨርሻለሁ። ያላመነኝ ደረቱን ይጠይቅ።