ሸምበቆው፣ ሰባቱ ድንጋዮችና የአትጠገብ ቤት

ተረት ልነግራችሁ ነው። የደከመው ተጋድሞ ይስማ፤ ያልደከመው የደከመውን ደግፎ ይስማ።

ዱሮ ነው፤ ግድግዳ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» ይባልለት በነበረበት ዘመን። አትጠገብ የምትባል ሴትና እንግዳወርቅ የሚባል ባሏ ከወንዝ ከፍ ብላ ባለች መሬት ላይ የጭቃ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። ከሣር ጣራው ጥላሸትና ገለባ ወጡ ውስጥ እየረገፈ ቢያስቸግራቸው፣ እንግዳወርቅ ከወንዙ ማዶ የሸምበቆ ሥር ቆፍሮ አምጥቶ ከጓሮው ተከለ። ሲያድግ እየፈለጠ ጣራውን ከውስጥ ሊለብጥበት ነው።

ሸምበቆው ገና ሲተከል አንገቱን ደፍቶ፣ «ለእኔ አንዲት ጥግ ትበቃኛለች» አለ። እንግዳወርቅ ግን የወንዝ ዳር ልጅ ነውና ሳቀ። ሸምበቆ ላዩ ሲያጎነብስ ሥሩ እንደሚገሰግስ ያውቃል። ስለዚህ በሸምበቆውና በቤቱ መካከል እስከ ወገቡ የሚደርስ ቦይ ቆፈረ። ሰባት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጎን ለጎን አቁሞ ቀበረ፤ መጋጠሚያቸውን ጣት እንዳያስገባ አድርጎ ደፈነ። አናታቸውን ግን ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር አስቀረ።

«ሙሉውን ለምን አትቀብረውም? ሰው ያደናቅፋል» አለችው አትጠገብ።

«አናቱ ካልታየ ቀበርኩት እንጂ አቆምኩት አይባልም» አላት።

ዓመት ሳይሞላ ሸምበቆው ሥሩን ወደ ቤቱ ላከ። ሥሩ ሄዶ ሄዶ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ወንድሜ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በልልኝ፣ እግሬን ልዘርጋ ብሎ ለመነው። ድንጋዩም እስካሁን መቆም እንጂ መጠጋት ያስተማረኝ የለም ብሎ መለሰለት። ሥሩ መሄጃ ቢያጣ ሽቅብ ወጣ። የድንጋዩን አናት ሊሻገር ሲል እንግዳወርቅ አየውና በማጭድ ቆረጠው።

በሁለተኛው ዓመት ሸምበቆው ፍልፈልን ጠራ። ከድንጋዩ በታች አንዲት ቀዳዳ ብትቀድልኝ ዕድሜ ልክህን ሥሬን ትበላለህ አለው። ፍልፈል ተስማማ። አንድ ቀን ቆፈረ፣ ሁለት ቀን ቆፈረ፣ ሦስት ቀን ቆፈረ። በመጨረሻም አፈሩን ከጥርሱ እያራገፈ ተመለሰ።

«ጌታው፣ የዚህ ድንጋይ እግር ማለቂያ የለውም» አለ። «ደግሞ ሥርህን ቀመስኩት። ይህን የሚበላ ማገርም ይበላል።»

አትጠገብ ከጓዳ ሆና ይህን ሰማች። ለባሏ ስትነግረው ሁለቱም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

በሦስተኛው ዓመት እንግዳወርቅ ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የዕድር ሰዎች መጥተው ድንኳን ሊተክሉ ቢሉ ከጓሮው ሌላ ሰፊ ቦታ ጠፋ። ድንጋዮቹን ስንዝር ወጥተው ቢያዩዋቸው፣ ለቅሶ የመጡ ሽማግሌዎች እንዳይደናቀፉ ብለው አፈር ሞሉባቸው፤ ረገጡት፤ አግዳሚ ወንበር ደረደሩበት። ክፋት አልነበረባቸውም። ድንጋዮቹ አናታችንን፣ አናታችንን ብለው ነበር፤ በለቅሶ መካከል ግን ድንጋይን ማን ይሰማል። ድንኳኑ ሲነሣ አፈሩ ቀረ።

አትጠገብ ከዚያ ወዲያ ወደ ጓሮ አልወጣችም። ጥቁሯን ለብሳ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤት ሲመጣ ትነሣለች፤ ጎረቤት ሲሄድ ትቀመጣለች። እንዲሁ እንዳለች ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም አለፈ።

ሚያዝያ ላይ ግድግዳው አስነጠሰ።

«ይማርህ» አለች ሳታስበው። ከአፏ ቃል ከወጣ ሰንብቶ ነበር።

«ማስነጠስ አይደለም፤ መሰንጠቅ ነው» አለ ግድግዳው። «ከሥሬ የሚገፋኝ አለ። እሜቴ፣ ደክሞኛል። እስከ ሰኔ እቆምልሻለሁ፤ የሐምሌን ዝናብ ግን አልችለውም።»

አትጠገብ ዞር ብላ መደቡን አየች። እንግዳወርቅ ይተኛበት በነበረው በኩል፣ አፈሩን ሰንጥቆ እንደ ወስፌ የሾለ አረንጓዴ ነገር ወጥቷል።

«እንደምን ዋልሽ» አላት ሸምበቆው።

«ማን አስገባህ?»

«ማንም አልከለከለኝ። ባለቤቱ ሄደ ሲሉ ሰማሁ፤ ቤቱም ድምፅ የለውም። ባዶ መስሎኝ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺ እዚህ ነበርሽ እንዴ?» አለ ሸምበቆው። ሊያሾፍባት አልነበረም፤ የእውነቱን ነው የጠየቀው።

ይህ ቃል ውስጧን አቃጠላት። ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም። ዶማውን ከጓዳ አነሣችና ወደ ጓሮ ወጣች።

አፈሩን ብትገፍፈው የመጀመሪያውን ድንጋይ አናት አገኘችው። ክንድ የሚያህል ሥር በላዩ ተጋድሞ ወደ ቤቱ አልፏል።

«አደራ በላህ» አለችው ድንጋዩን። «ያቆመህ እንዲህ እንድታሳልፍ ነው?»

ድንጋዩም፣ «እሜቴ፣ እኔ ሥር አግጄ አላውቅም» አላት። «ሥር እኔን ሲነካ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚህ በላይ አልችልም። የወጣውን የሚያየው፣ ክረምት በወጣ ቁጥር እየዞረ የሚቆርጠው እሱ ነበር። እኔ የማሳይ ነኝ። አናቴን ደፈናችሁ፤ ዞሮ የሚያይም ጠፋ።»

«ደክሞኛል» አለች አትጠገብ።

«እኔም ደክሞኛል። ግድግዳውም ደክሞታል። እዚህ ግቢ ውስጥ ያልደከመው ሸምበቆው ብቻ ነው።»

ጎረቤቶቿ ዶማ ይዛ ቢያዩዋት ደነገጡ። ተይው፣ ይፍረስ፣ እህትሽ ዘንድ ትገቢያለሽ አሏት። እሷ ግን ከዚያ ቤት ወጥታ የት ሆና ባሏን እንደምታስበው አልታይ አላትና ሥራዋን ቀጠለች።

በመጀመሪያው ቀን የሰባቱን ድንጋዮች አናት ገለጠች፤ ዙሪያቸውን ስንዝር ስንዝር ዝቅ አደረገች። በሁለተኛው ቀን የተሻገረውን ሥር ቆረጠች። ጣት የምታህል አንጓ ከቀረች መልሳ ትበቅላለችና ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ለቅማ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። በሦስተኛው ቀን መደቡ ዘንድ መጣች።

ያንን መደብ ከለቅሶው ወዲህ ማንም እንዲጠርገው አልፈቀደችም። እንግዳወርቅ ጭንቅላቱን ያሳርፍበት የነበረው ጎድጎድ ያለ ቦታ እንዳለ ነበር። ዶማዋን ተደግፋ ብዙ ቆመች። ከዚያ አንድ ጊዜ መታችው፤ ሌላ ጊዜ መታችው፤ ሲፈርስ ቀለል ብሎ ፈረሰ።

ሥሩን እየተከተለች ከግድግዳው በታች ስትደርስ ግድግዳው አስቆማት። «የቀረው ከእግሬ በታች ነው። እሱን ከነቀልሽ እኔም አብሬ እወድቃለሁ።»

እሷም ሥሩን ከወዲያም ከወዲህም በጥሳ፣ የተሰነጠቀውን በጭቃና በጭድ መረገች።

«እኔንስ ልትነቅዪኝ ነው?» አላት ሸምበቆው ከጓሮ።

«ባሌ የተከለህ ለጣራዬ ነው። ከድንጋዩ ወዲያ ኑር፤ ወዲህ አትምጣ።»

«መምጣቴ አይቀርም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሌሊትም ቀንም ወረደ፤ ግድግዳው አቃሰተ፤ አልወደቀም። በነሐሴ አንድ ጠዋት አትጠገብ ምንጣፏ ላይ ተጋድማ ሳለች፣ ከግድግዳው ግርጌ የነጣ ቡቃያ ብቅ ሲል አየችው። እግሯን ያማታል። ነገ ይሻላል አለች በልቧ። ዓይኗንም ጨፈነች።

መልሳ ገለጠችው። ግድግዳውን ይዛ ተነሣች፤ ማጭዱን ፈልጋ ቡቃያውን ከመሬት ጋር አስተካክላ ቆረጠችው።

«ስንት ዓመት ነው የምቆርጠው?» አለች።

«አላውቅም» አለ ግድግዳው። «ግን የዛሬው ከሚያዝያው ቀጥኗል።»

ድንጋይ ሥርን ያሳያል፤ የሚቆርጠው ግን ደክሞትም የሚነሣ ሰው ነው። እኔ እስከዚህ አድርሻችኋለሁ፤ የቀረውን፣ የየራሳችሁን ጓሮ፣ እናንተ ዙሩት።