የኃላፊው ፎቶ

ምላሷ የማያርፍ አንዲት ፎቶ አንሺ ነበረች። ወጣቶች የፊልምና የካርቱን ጀግኖችን መስለው በሚሰበሰቡበት ትልቅ ዝግጅት ላይ አንድ ጥግ ይዛ ታነሳቸዋለች። ወረፋው ረጅም ነው። በዘይት ጀሪካን ራሱን ሮቦት ያደረገው፣ የካርቶን ዘውድ የደፋችው ንግሥት፣ ክንፉ በር አላሳልፍ ያለው ዘንዶ፣ ሁሉም ተራቸውን ይጠብቃሉ።

የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ሽመክት ግን ንግሥቲቱን በክርናቸው ገፋ አድርገው ፊት ቆሙና ከረቫታቸውን አስተካከሉ።

«አንሺኝ!»

«ጌታዬ፣ ወረፋ አለ» አለቻቸው።

የአንገታቸው ደም ሥር ተገታተረ። «እኔ ማን እንደሆንኩ አታውቂም? ካላወቅሽ ካሜራሽን ይዘሽ አሁኑኑ ውጪልኝ!»

ፎቶ አንሺዋ ግን ሰውየውን ከጫማቸው እስከ ከረቫታቸው በጥሞና ካየቻቸው በኋላ አንገቷን ሰበር አድርጋ እንዲህ አለች፦

«አይቆጡ ጌታዬ። እነዚህ ልጆች ማን እንደሆኑ ገና ከሩቅ እንዲታወቅላቸው ስንት ወር ሙሉ ሲሰፉና ሲያጣብቁ ነው የከረሙት። እርስዎም ለሚመጣው ዓመት ትንሽ ቢለፉበት፣ ሳይናገሩ እናውቅዎታለን።»