የቦራ ጀርባና ሦስት ሺህ ልቦች

አንድ ጊዜ፣ ስልክ ከሰው እጅ አምልጦ ዱር በገባ ሰሞን፣ ቦራና ዳለቻ የሚባሉ ሁለት አህዮች በአንድ ወንዝ ዳር መስክ ላይ ይኖሩ ነበር። አህያ በስልክ ምን ይሠራል ብላችሁ አታቋርጡኝ። ጅብ ሲናገር ዝም ብላችሁ የሰማችሁ ሰዎች፣ አህያ ስልክ ቢይዝ ምን ይገርማችኋል?

ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ቁመናው ያማረ ወጣት አህያ ነው። ዳለቻ ደግሞ አመድማ መልክ ያላት፣ ረጋ ያለች፣ ነገር የማታበዛ አህያ ናት። ከውርንጭላነታቸው ጀምሮ አብረው አድገዋል።

በዚያ መስክ አህዮች ሁሉ የሚጠብቁት አንድ ልማድ ነበር። ሣር ግጠው ሲጠግቡ ሁለት ሁለት ሆነው፣ የአንዱ ራስ ወደ ሌላው ጭራ ዞሮ፣ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከዚያ አንዱ የሌላውን ጀርባ በጥርሱ ቀስ አድርጎ ያክክለታል። አህያ የገዛ ጀርባውን ማከክ ስለማይችል ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። በጭራቸውም አንዱ ከሌላው ፊት ላይ ዝንብ ያባርራል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው። እንዲህ ሲቆሙ አንዱ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ሌላው ወደ ፀሐይ መግቢያ ያያል። ጅብ በየትኛው በኩል ቢመጣ ከአራት ዓይን አያመልጥም።

በዚህ ልማድ ምክንያት የአገሩ አያ ጅቦ አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቶ ነበር። ክረምቱን በሙሉ የበላው የደረቀ ቆዳና አንድ አሮጌ ጫማ ነው። አንድ ቀን ሲብስበት እመት ቀበሮ ደጃፍ ሄዶ ተዘረፈጠ።

«እመት ቀበሮ፣ እነዚህን አህዮች ምን ባደርጋቸው ይሻላል?» አላት። «ከፊት ስመጣ አንዱ ያየኛል። ከኋላ ስመጣ ሌላው ያየኛል። በጎን በኩል ብሞክር ሁለቱም አዩኝ።»

«እርስዎ ሁልጊዜ የሚያስቡት በጥርስዎ ነው» አለች ቀበሮ። «አህያን ከአህያ የሚለየው ጥርስ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጭብጨባ ነው።»

አያ ጅቦ ጭብጨባ የሚበላ ነገር መስሎት ምራቁን ዋጠ።

«እኔ አንዱን ለብቻው አወጣልዎታለሁ» አለች ቀበሮ። «ሲሳካልዎ ግን ጉበቱ የእኔ ነው።»

«ጉበቱን ውሰጂ» አለ ጅብ። «ልቡን ብቻ እንዳትነኪብኝ። ከአህያ ሁሉ እኔ ልብ ነው የምወደው።»

ተስማሙ። ቀበሮ መንገድ ሊለኩ የመጡ ሰዎች ምሳ ከበሉበት ዛፍ ሥር ያገኘችው ስልክ ነበራት። እሱን በጥርሷ አንጠልጥላ ወደ መስኩ ወረደች። ቦራና ዳለቻ እንደ ልማዳቸው ቆመው ሲተካከኩ አገኘቻቸው።

«አያ ቦራ» አለች፣ «እንዲህ ያለ ግንባር ይዘህ ለሣር ብቻ ትታያለህ? እስቲ አንድ ጊዜ አናፋልኝ።»

ቦራ አናፋ። ቀበሮ ቀረጸችና ሄደች። በማግስቱ ተመልሳ ስክሪኑን አፍንጫው ሥር አቀረበችለት። ቪዲዮው ላይ ትናንሽ ቀይ ልቦች ይንሳፈፋሉ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለ ቦራ።

«የሚወዱህ ናቸው። ሦስት መቶ ደርሰዋል።»

«እኔን? የት ያውቁኛል?»

«ለመውደድ ማወቅ ያስፈልጋል ያለህ ማነው?»

ቦራ ነገሩ እውነት መሰለው። ሦስት መቶ ልብ ባንድ ቀን ያገኘ ሁሉ እውነት ይመስለዋል፤ እሱ ላይ ብቻ አትፍረዱ። ቀበሮም ስልኩን ተወችለትና ስትሄድ ዞር ብላ አንድ ነገር ጣል አደረገች፦ «ከዳለቻ ጋር ስትነሳ ግን ልቡ ይቀንሳል። ግንባርህን ትከልለዋለች። ብቻህን ብትሆን ነው የሚያምርብህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦራ ሌላ አህያ ሆነ። መስኩ ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል ብሎ የስልክ ማማ ከቆመበት ኮረብታ ላይ ወጣ። ጠዋት ሲያናፋ ይለጥፋል። ቀትር ላይ ሲያዛጋ ይለጥፋል። ሣር እንኳ የሚግጠው አረንጓዴው በደንብ ከሚታይበት በኩል ነበር፤ የሚጣፍጠው ሣር ግን በወዲያኛው በኩል ነው። ጀርባውን ሲያሳክከው ከማማው ብረት ጋር ይታሻል። ብረቱ የሚያሳክከው የት ጋ እንደሆነ አያውቅም፣ ስለዚህ ቦራ ሁልጊዜ በከፊል እንዳሳከከው ይቀራል።

ዳለቻ ከመስኩ ዳር ብቻዋን ቆማ ወደ ኮረብታው ታያለች። ሌሎቹ አህዮች «ከእኛ ጋር ሦስተኛ ሁኚ» ቢሏትም «ግድ የለም፣ ይመጣል» አለቻቸው።

በአምስተኛው ቀን ራሷ ወጣች።

«ቦራ» አለችው፣ «ትከሻዬ ላይ መዥገር ከተጣበቀብኝ ሦስት ቀን ሆነ። በጥርሴም በጭራዬም አልደርስበትም።»

«እሺ፣ ይህችን ልለጥፍና» አለ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ቆማ ጠበቀችው። የማማው ጥላ ከእግሯ ሥር ተነስቶ እስከ ኮረብታው ጫፍ ረዘመ።

«አየሽ» አለ ቦራ በመጨረሻ፣ «ከባሕር ማዶ ያለች አንዲት የሜዳ አህያ ጆሮህ እንቅልፍ ነሳኝ ብላ ጻፈችልኝ።»

«ደግ ብላለች» አለች ዳለቻ። «መዥገሩስ?»

«አንድ አፍታ ብቻ።»

ዳለቻ ወርዳ ከአንድ ግራር ጋር ትከሻዋን ስታሽ ቆዳዋ ተላጠ፤ መዥገሩ ግን እዚያው ቀረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ቦራን ራሴ በእርግጫ ብለው ደስ ይለኛል። ግን ታሪኩን ልጨርስ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እመት ቀበሮ እያለከለከች መጣች።

«አያ ቦራ፣ ዛሬ ላይቭ ትገባለህ። ሦስት ሺህ ተመልካች ይጠብቅሃል። ፀሐይዋ ፊትህ ላይ ትሁን፣ ጀርባህን ለዚያ ቁጥቋጦ ስጥ። ስልኩን እኔ ድንጋዩ ላይ አስደግፍልሃለሁ።»

ቁጥቋጦው ውስጥ ማን እንደተጋደመ እናንተም እኔም እናውቃለን። የማያውቀው ቦራ ብቻ ነው።

ጆሮውን ቀጥ አድርጎ፣ ግንባሩን አስተካክሎ ጀመረ። ልቦቹ ከስክሪኑ ሥር እየፈለቁ ወደ ላይ ይወጣሉ። ጥቂት ቆይቶ፣ እዚያው ስክሪን ላይ፣ ከቦራ ጆሮዎች ኋላ ሌሎች ሁለት ጆሮዎች ብቅ አሉ። ከዚያ አንድ አፍንጫ፣ ከዚያ የከሳ ትከሻ ታየ። ቦራ እነዚህን ቢያይ ኖሮ መሸሽ ይችል ነበር። እሱ ግን የሚያየው የገዛ ግንባሩን ነበር፣ የቀረውን ልቦቹ ሸፍነውታል።

ተመልካቾቹ በደንብ አይተዋል። አስተያየቱ እንደ ጉድ ይጎርፍ ጀመር።

«ከኋላው ያለው ጅብ ነው እንዴ?»

«እንዴት ያለ ጎበዝ ተዋናይ ነው።»

«በሳቅ ሞትኩ። ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁት።»

ቦራ ጎበዝ ተዋናይ የሚለውን አነበበና ስለ እሱ የተባለ መሰለው። «አመሰግናለሁ» አለ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ አያ ጅቦ ጭራውን በመንጋጋው ጨመደደው።

ቦራ አናፋ። በርግጎ ሲንፈራገጥ ድንጋዩን መታው፤ ስልኩ ወደ ሰማይ ዞሮ ሣሩ ላይ ወደቀ። ልቦቹ እንደዚያን ጊዜ በዝተው አያውቁም።

ከታች መስኩ ላይ ድምፁ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ አህያ ቀና አለና «ዛሬም ጀመረው» ብሎ ወደ ሣሩ ተመለሰ። ዳለቻ ግን ጆሮዋን አቆመች።

«ይህ ለስልኩ የሚያናፋው አይደለም» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ለስልኩ ሲሆን መጨረሻውን ያስረዝመዋል። አሁን ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። ልጅ ሳለን ረግረግ የዋጠው ቀን እንዲህ ነበር ያናፋው።»

ሽማግሌው ሌላ ጥያቄ ሊጠይቃት ቢል ዳለቻ ወንዙን ተሻግራ ነበር።

ኮረብታው ላይ አያ ጅቦ ቦራን በጭራው እየጎተተ ሳለ ዓይኑ ሣሩ ላይ አረፈ። ቀይ፣ የተላጡ፣ የሚያብረቀርቁ ልቦች አንዱ በአንዱ ላይ ይፈልቃሉ። መቶ፣ ሁለት መቶ ብሎ መቁጠር ጀመረና ጅብ ስለሆነ መንገድ ላይ ጠፋበት። በሆዱ አሰበ። አንድ የአህያ ልብ ለማግኘት ቆዳ መቅደድ አለ፣ ጎድን መስበር አለ፣ እርግጫም አለ። ይህ ሁሉ ልብ ግን ያለ አንዳች ድካም ቀርቦለታል።

«አያ ጅቦ፣ እሱ አይበላም!» ብላ ቀበሮ ከድንጋዩ ጀርባ ጮኸች።

«ለብቻሽ ልትበዪው ነው» አለ ጅብ። ይህን ለማለት አፉን ሲከፍት ጭራው አመለጠው፤ እሱ ግን ከነመኖሩም ረስቶታል። ስልኩን አንስቶ ሳያኝክ ዋጠው።

ቦራ የዚያን ጊዜ መሮጥ ነበረበት። እሱ ግን ልቦቹ የገቡበትን አፍ እያየ ፈዞ ቀረ። አያ ጅቦ ምላሱን አገላብጦ ቢቀምስ ምንም ጣዕም የለም። ተናደደና ወደ ቦራ ዞረ።

በዚህ መሐል ዳለቻ ደረሰች። መጥታ ከቦራ ጎን ቆመች፤ ራሷ ወደ እሱ ጭራ፣ ጭራዋ ወደ እሱ ራስ። ቦራም ከፈዘዘበት ነቅቶ ጥርሱን አገጠጠ።

ጅብ በአንድ በኩል መጣ፤ የዳለቻ ጥርስ ጠበቀው። ዞሮ በሌላው በኩል መጣ፣ እዚያ ደግሞ የቦራ ጥርስና የዳለቻ የኋላ እግር ነበሩ። ሰኮናዋ ሆዱ ላይ በደንብ አረፈ። የዚያኔ ከአያ ጅቦ ሆድ ውስጥ «ጢን» የሚል ድምፅ ወጣ። ቀጥሎም ሙዚቃ ጮኸ።

«ሆዴ ውስጥ ሰው አለ» አለ ጅብ፣ እናም ከገዛ ሆዱ ሊያመልጥ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ባሉት ቀናት፣ የሩቅ ሰው ልብ በላከ ቁጥር ሆዱ «ጢን» ይል ስለነበር፣ የደረሰበት አገር ጥንቸል ሁሉ ቀድሞ ይሰማው ነበር። ሌባ ሁሉ እንዲህ ሆዱ ቢናገርበት ደስ ባለኝ። እመት ቀበሮም ጉበቱም ስልኩም ሳይሆንላት ቀርቶ፣ ሌላ መንገደኛ አንድ ነገር ይጥል እንደሆነ ብላ እዚያው ዛፍ ሥር ትጠብቃለች።

ሁለቱ አህዮች ቀስ ብለው ወደ መስኩ ወረዱ። ከቦራ ጭራ ላይ ግማሹ ፀጉር የለም።

«ሦስት ሺህ ነበሩ» አለ ቦራ። «ሁሉም ጅቡ ሲይዘኝ አይተዋል። አንድም አልመጣም።»

«ከየት ይምጡ?» አለች ዳለቻ። «እነሱ የሚያውቁት ግንባርህን ነው። መኖሪያህን አያውቁም።»

መስኩ ላይ ሲደርሱ ቦራ ማንም ሳይጠይቀው ወደ ትከሻዋ ጠጋ አለ። የተላጠውን ቆዳ አየው።

«ይህ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«አንድ አፍታ ያልከኝ ዕለት።»

የቦራ ጆሮዎች ወደቁ። አፈረ፤ ማፈሩም ደግ ነው። ከቁስሉ አጠገብ መዥገሩን ፈልጎ በፊት ጥርሱ ያዘና እንዳያማት ተጠንቅቆ ነቀለላት። ከዚያ ቁስሉን ላሰላት። ዳለቻ ዓይኗን ጨፍና ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«አንተንስ የት ነው የሚያሳክክህ?» አለችው።

«ታውቂዋለሽ» አለ ቦራ።

አወቀችውም። ስትጀምርለት፣ ያ ሁሉ ቀን በብረት ታሽቶ እንቢ ያለው ሥፍራ ወዲያው ፀጥ አለ። ቦራ ደስ ብሎት ወደ ፀሐይ መግቢያ ያያል፣ ዳለቻ ደግሞ ወደ ፀሐይ መውጫ።

ከዚህ የምንማረው፣ ፊታችንን ብቻ አይተው ከሩቅ የሚያደንቁን ምንም ያህል ቢበዙ፣ እኛ በማናይበት በኩል ቆሞ የሚያይልንን አንድ ወዳጅ «አንድ አፍታ» እያልን ማስጠበቅ እንደማይገባን ነው።