የገብስማዋ ዶሮ ጥድፊያ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝና ጠጋ በሉ።

አንዲት ገብስማ ዶሮ ከባሏ ከወሰራው አውራ ዶሮ ጋር ትኖር ነበር። ዐውደ ዓመት ሲቃረብ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ቆጡን ትጠርጋለች፣ ጫጩቶቿን ትቆጣለች፣ እህል እንኳ ረግታ አትለቅምም። ወሰራው ግን እንደ ልማዱ እያንጎራጎረ፣ ከአጥሩ ሥር አመዱን ጫር ጫር አድርጎ ለሁለት የሚሆን መጋደሚያ አበጀ።

«ነይ እንጂ የኔ እመቤት፣ አብረን ፀሐይ እንሙቅ። ሥራው የት ይሄድብሻል?» አላት።

«አንተ ደግሞ! በዓል ደጅ ደርሶ ምን ፀሐይ አማረህ?» አለች ላባዋን ነፍታ። «የበዓሉ ዕለት ቁጭ ብለን እስኪበቃን እንሞቃለን።»

«እሺ፣ ቦታሽን ይዤ እጠብቅሻለሁ» ብሎ ብቻውን ተጋደመ።

በዋዜማው የቤቱ ጌታ ቢላዋውን ስሎ መጣና ወሰራውን በክንፉ አንጠልጥሎ ወሰደው። ገብስማ ቆጡን ስትጠርግ ነበርና ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

የበዓሉ ዕለት የቀራት ሥራ አልነበረም። ከአጥሩ ሥር ሄዳ በተበጀላት ቦታ ክንፏን ዘረጋች። ከጎኗ ያለው አመድ የወሰራውን ደረት ቅርጽ እንደያዘ ነበር፤ ፀሐይ ሞልቶበታል።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ግን ለዛሬ ይቅርብኝ።