ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን እንዳሰናዳችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ግን በረቱን ተዉትና ጫማችሁን ጠርጋችሁ ሳሎን ግቡ። የእኔ ተረት ያለችው እዚያ ነው፣ በቡፌውና በመስኮቱ መካከል።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ነበር። «ድሮ ድሮ ኮምፒውተር ከየት መጣ?» የምትል ልጅ ከመካከላችሁ አለች፤ ሰምቻታለሁ። ትጠብቀኝ፣ መጨረሻ ላይ እመልስላታለሁ።

የወይዘሮ ጥሩወርቅ ባል አቶ መንገሻ ይባሉ ነበር። ሕመም ጸናባቸውና ለአንድ ልጃቸው ለምንታምር ሠርግ እንደማይደርሱ አወቁ። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡና የሠርጓን ምርቃት በድምፃቸው ቀዱ። «ልጄ ጉልበት ልትስም ስትመጣ ጉልበቴ ባይኖር ድምፄ ይኑር» አሉ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ምንታምር ለሥራ ሌላ ከተማ ትኖር ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ታጨች፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። የአባቷ ምርቃት ያለው ግን በዚያ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ሌላ የትም የለም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጡና የባላቸውን ድምፅ ይሰማሉ። ሲጨርሱ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ይጫናሉ። ስክሪኑ ድርግም ሲል ኮምፒውተሩ የተኛ ይመስላቸዋል። የት ተኝቶ! ያጠፉት ፊቱን ነው እንጂ፣ ከጎኑ ያለው ሳጥን እንደበራ ነው።

ደግሞ ባለሙያ ሴት ናቸውና ዕቃ ራቁቱን አያስቀምጡም። ሬዲዮው ዳንቴል አለው፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው። ኮምፒውተሩስ ከማን ያንሳል? ሳጥኑን ከሁሉ ትልቁን ዳንቴል አለበሱት፣ ከአናቱ እስከ ጠረጴዛው።

«እፍፍ፣ እፍፍ» አለ ኮምፒውተር። «እማማ ዳንቴል፣ እባክሽ ትንሽ ገለጥ በይልኝ። አልተኛሁም እኮ። ትንፋሽ አጠረኝ።»

«ወግ ነው!» አለች ዳንቴል። «እኔ ጥሩወርቅ በልጃገረድነቷ በኪሮሽ የሠራችኝ ነኝ። ስንቱን ሬዲዮ አልብሼ ጡረታ አውጥቻለሁ። እንዳንተ ያለ ነጭናጫ ግን አላየሁም።»

ከዳንቴሏ ላይ ደግሞ እመት ድመት ተኝታለች። የታኅሣሥ ብርድ ነው፤ ኮምፒውተሩ በጋለ ቁጥር እሷ ትመቻለች።

«አይስሙት፣ እማማ ዳንቴል» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ያለ እርስዎ ይሄ ሳጥን ምን መልክ አለው? ደግሞ ቢገለጥ አቧራ ይገባበታል።»

እመት ድመት ለአቧራው አስባ እንዳይመስላችሁ። ለሆዷ ሙቀት ነው።

ይህን ሁሉ ከቡፌው መስታወት ጀርባ ሆና የምትሰማ አንዲት ልጅ አለች። ስሟ ፍላሽ ነው፤ ቁመቷ አውራ ጣት ቢያክል ነው። ምንታምር «እማዬ፣ የአባዬን ድምፅ እዚች ላይ ገልብጪው» ብላ የላከቻት ናት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን «ልጄ የላከችልኝ ውድ ዕቃ» ብለው፣ ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች በአንዱ ውስጥ አስቀምጠው ቆለፉባት። በዚያ ቤት የተወደደ ነገር ሁሉ ቡፌ ይገባል። ቡፌ የገባ ደግሞ ሥራ የለውም።

«አያ ኮምፒውተር» አለች ፍላሽ በመስታወቱ ውስጥ። «የጋሽ መንገሻን ምርቃት ለእኔም አካፍለኝ። ምናልባት አንተ ብትወድቅ እኔ እይዘዋለሁ።»

«አንቺ?» አለ ኮምፒውተር፣ እያለከለከም ኩራቱ አልለቀቀውም። «የጣት ቁራጭ! የእኔ ሆድ ጎተራ ነው። አርፈሽ ብርጭቆሽ ውስጥ ተቀመጪ።»

ፍላሽም አርፋ ተቀመጠች።

እንግዲህ የአያ መብራትን ጠባይ ታውቁታላችሁ። ሲሄድ «ደህና ዋሉ» አይልም፤ ሲመጣም በር አያንኳኳም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ተነሥቶ ሄደ። ኮምፒውተሩም ባለበት ዘፍ አለ። አያ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ እየተንገዳገደ ነቃ።

«ምነው ሳትነግረኝ?» አለው።

«እኔ ለማን ነግሬ አውቃለሁ?» አለ መብራት።

ፍላሽ ይህን ጊዜ «አያ ኮምፒውተር፣ አሁንስ አታካፍለኝም?» አለች።

«ነገ» አለ ኮምፒውተር። «ዛሬ ራሴን ከብዶኛል።»

ነገ መጣ፤ «ነገ» አላት። እንዲህ እየተባለ ታኅሣሥ አለቀ። ጎረቤት ለሠርጉ ሽንኩርት ሊልጥ መሰብሰብ ጀመረ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ቡፌውን ከፍተው የእንግዳ ብርጭቆዎቹን ለማጠብ ያወጡ ጀመር። ያን ቀን መብራት ለሁለተኛ ጊዜ ሄደና መጣ።

ኮምፒውተሩ ቶሎ አልነቃም። ጥቁር ፊት ላይ ነጫጭ ፊደል አሳየ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደንግጠው እንደ ድሮው ሬዲዮ ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። በእሳቸው ምት ይሁን በአምላክ ቸርነት፣ እንደምንም ተነሣ። ቶሎ ብለው የባላቸውን ድምፅ ከፈቱ፤ ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ግን ተያዘ።

«ልጄ... ልጄ... ልጄ...» አለ ድምፁ። ከዚያ ወዲያ አልሄደም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በሠርጉ ቀን ልጃቸው ጎንበስ ስትል፣ ከአባቷ የሚወጣ ቃል ላይኖር ነው። ከዚህ በላይ ምን ያስፈራል?

እመት ድመትም ፈራች፤ የእሷ ፍርሃት ሌላ ነው እንጂ። መብራት በጠፋበት ሰዓት ዳንቴሏ ላይ ብርድ ሲቆረጥማት ነበር። «ይሄ ሳጥን ከሞተ እኮ ምድጃዬ ጠፋ» አለች በልቧ። ፍላሽ «ብትወድቅ እኔ እይዘዋለሁ» ስትል ሰምታታለችና ሳጥኑን የምታድነው እሷ መሰለቻት። ዘለለችና ቡፌው ላይ ወጣች። በጅራቷ ፍላሽ ያለችባትን ብርጭቆ ገፋ አደረገቻት። ብርጭቆዋ ወድቃ ተሰበረች፤ ፍላሽ ተንከባልላ የወይዘሮ ጥሩወርቅ እግር ሥር ቆመች። እንግዲህ ስስታምም ለራሱ ሲል ደግ የሚሠራበት ቀን አለው።

«አንቺ እርጉም!» ብለው ድመቷን ሊያባርሩ ብድግ ሲሉ ፍላሿን አዩ። የልጃቸው ቃል ትዝ አላቸውና ስልክ አነሡ።

«ምንታምርዬ፣ የአባትሽ ድምፅ ተንተባተበብኝ» አሉ።

«እማዬ፣ ተረጋጊ። መጀመሪያ ንገሪኝ፤ ከሳጥኑ ላይ ምን አለ?»

«ዳንቴሉ ነዋ።»

«አንሺው።»

«ራቁቱን ላስቀምጠው?»

«ራቁቱን፣ እማዬ። ሲሠራ ይተነፍሳል እኮ። እስኪ ከኋላው ያለውን ቀዳዳ በእጅሽ ንኪው።»

«ውይ! ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ያቃጥላል!»

ዳንቴል ይህን ስትሰማ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተጨማድዳ ቀረች። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እሷ ግን መልበስን እንጂ ለባሹን ጠይቃ አታውቅም ነበር።

«ስትጨርሺስ በምንድነው የምታጠፊው?» አለች ምንታምር።

«በስክሪኑ ቁልፍ ነዋ። ድርግም ይላል።»

«እማዬ፣ እንግዲያው ይሄ ኮምፒውተር አባዬ ከሞተ ጀምሮ በወጉ ተኝቶ አያውቅም ማለት ነው።»

«እኔስ መች ተኝቼ አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

ምንታምር ድምፅዋን አለስልሳ «በይ ፍላሿን ሰኪያት» አለች።

«ሰካኋት።»

«አሁን ማውሱን ይዘሽ የአባዬ ድምፅ ያለበት ላይ ሂጂ። የቀኙን ተጫኚ። ኮፒ የሚል መጣ?»

«መጣ።»

«ንኪው። ፍላሿን ክፈቺና ባዶው ቦታ ላይ እንደገና የቀኙን ተጫኚ። ፔስት የሚለውን ንኪ።»

«ነክቻለሁ። አንድ አረንጓዴ መስመር መጣ። ኤሊ ይመስል ይጎተታል።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። መስመሩ ሳይሞላ እንዳትነቅያት። ሲያልቅ ከፍላሿ ላይ ክፈቺና ስሚው፤ የገባ የመሰለ ሁሉ ገብቷል አይባልም።»

ከውስጥ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ።

«ፍላሽ» አለ ኮምፒውተር በደከመ ድምፅ። «ሰድቤሽ ነበር።»

«እሱን በኋላ» አለች ፍላሽ። «አሁን አቀብለኝ።»

«ያዢ።»

«ያዝኩ።»

«ያዢ።»

«ያዝኩ።»

«ያዢ፣ ይሄ የመጨረሻው...»

አያ መብራት ሄደ። «ልጄ፣ መብራት ሄደ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«እማዬ፣ መብራት ከሄደ ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ንቀዪው! ሲመለስ በኃይል ነው የሚመጣው!» አለች ምንታምር በስልኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሶኬቱን ፍለጋ ከጠረጴዛው ሥር ገቡ። እጃቸው ሳይደርስ መብራት ተመለሰ። ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ኮምፒውተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ፤ አሁን ግን አልተነሣም።

«መስመሩ ሞልቶ ነበር?» አለች ምንታምር።

«አላየሁም፣ ልጄ። አላየሁም።»

ምንታምር ለሠርጉ ስትመጣ፣ እጮኛዋ ሀብቴ የራሱን ኮምፒውተር ይዞ «እማማ፣ ፍላሿን እንያት» አላቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋት ነበርና እምቢ አሉ። «ከሌለ ዛሬ አልስማው። የሠርጉን ድግስ እያለቀስኩ አላበስልም» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ድንኳኑ ሞላ። ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ መጡ። ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጎን የአቶ መንገሻ ወንበር ባዶውን ተቀምጧል። ያን ጊዜ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ፍላሿን ለሀብቴ ሰጡት። ሀብቴ ፍላሿን ትልቁ ስፒከር ላይ ሰካት።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ የሽማግሌ ሳል ተሰማ።

«ጥሩወርቅ፣ ይሄ ነገር እየቀዳኝ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ዝም ብለህ ተናገር እንጂ» አለች ስፒከሩ ውስጥ ያለችው ጥሩወርቅ።

ድንኳኑ በሣቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እየሣቁ አለቀሱ። ምንታምር በባዶው ወንበር ፊት ተንበረከከች።

«ልጄ» አለ ድምፁ፤ አልተንተባተበም። «ጉልበቴን እንደሳምሽ ቆጥሬዋለሁ። ውለጂ፣ ክበጂ። ቤትሽ እንግዳ አይጥፋበት፤ ከእንግዳ የተረፈ ሣቅም አይጥፋበት። እናትሽን አደራ፤ ብቻዋን ስትሆን እንቅልፍ አይወስዳትም።»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ ሁሉ። ለሞተ ሰው ምርቃት አሜን ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የዚያን ቀን ተባለ።

ሠርጉ ሲያልፍ ጠጋኝ መጣና ኮምፒውተሩን ከፈተው። ከውስጡ አንድ እፍኝ የድመት ጠጉርና የዳንቴል ክር ወጣ። ትዝታውን የሚያኖርበት ልቡ ተቃጥሏል፤ አዲስ ልብ ተገጠመለት። ኮምፒውተሩ ዓይኑን ገለጠ፤ ምንም ግን አያስታውስም።

«እኔ ማነኝ? ይሄ የማን ቤት ነው?» አለ።

«ና፣ ልንገርህ» አለች ፍላሽ። «አንተ አንድ ቀን የሰጠኸኝ አደራ አለ፤ የመጨረሻዋን እንኳ መብራት ሳይሄድ ይዣታለሁ።» ብላ የአቶ መንገሻን ድምፅ መለሰችለት። ለራሷም አስቀረች። ምንታምርም ሌላ ቅጂ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ማታ ማታ ኮምፒውተሩን በወጉ ይዘጉታል። ማራገቢያው ጸጥ እስኪል አጠገቡ ይቆያሉ። ከዚያ ሶኬቱን ይነቅሉና ዳንቴሏን ያለብሱታል። ዳንቴልም «ሲተኛ እኔ፣ ሲሠራ አየር» ትላለች፤ እንደ ራሷ ፈጠራ። እመት ድመት ምድጃዋን ብታጣም የወይዘሮ ጥሩወርቅ እግር ሥር ትተኛለች። እሳቸውም አሁን እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ያቺ «ድሮ ድሮ ኮምፒውተር ከየት መጣ?» ያለችው ልጅ የታለች? ይኸውልሽ መልሱ፦ ለነገ ሰው ድሮ የሚሆነው ዛሬ እኛ ያስቀመጥነው ነው። ያላስቀመጥነው ድሮም አይሆን፤ እንዲያው ይጠፋል።

አንድ ጎተራ ያለው በአንድ አይጥ ይራባል። ዳቦዬን ቁረሱልኝ፤ ተረቴን ግን ሁለት ቦታ አስቀምጡልኝ።